ባሌን የያዝኩበት ገመድ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ባሌን መያዝ» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን እውነቴን ነው የምናገረው።

ባሌ የኮንክሪት ፓምፕ ጎማ ያዥ ነው። ታች የቆመው መኪና ኮንክሪቱን በረጅም የብረት ክንድ እየገፋ ወደ ላይ ይልካል። በክንዱ ጫፍ የሰው ጭን የሚያህል ወፍራም ጎማ ተንጠልጥሏል። ያንን ጎማ አቅፎ፣ ሶሌታ በምንለው የፎቅ ወለል ላይ፣ በተዘረጋው የፌሮ ብረት መሃል እየረገጠ ኮንክሪቱን የሚያፈሰው እሱ ነው። ሲያፈስ ታዲያ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ፊቱ ወደ ጎማው ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄደው ደግሞ ወደማያየው ቦታ። እኔ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዤ ከጎኑ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ እከተለዋለሁ። አጭር ጉተታ «ቁም» ነው፤ ረዘም ያለ ጉተታ «ወደኔ ና» ነው።

ገመዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በፊት እዚያው ሳይት ላይ አሸዋና ጠጠር አቀብል ነበር። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳይ የባሌ ተረከዝ ከሶሌታው ጠርዝ ወጥቶ አየር ላይ ቆሟል። ጮህኩ። የፓምፑ ጩኸት ድምፄን ዋጠው። እሱ እንደ ዕድል ሆኖ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ እንጂ እኔ እዚያው ጠጠሩ ላይ ተዘርሬ ቀርቼ ነበር። ማታ ስነግረው «ኧረ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ራቱን በላ። እኔ አልበላሁም። በማግስቱም አልበላሁም። በመጨረሻ ፎርማኑ ዘንድ ሄጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ላይ ካልወጣሁ አሸዋውን ራስህ አቀብል አልኩት።

«ታች ሆነሽ ከምትፈሪ ላይ ሆነሽ ፍሪ» ብሎ ፈቀደልኝ። ግን አስጠነቀቀኝ፤ «ገመዱ መናገሪያ ነው እንጂ መያዣ አይደለም። እሱ ከከበደሽ ልቀቂው። እጅሽ ላይ እንዳትጠመጥሚው፤ ይዞሽ ነው የሚሄደው።»

እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ከሳምንት በኋላ ገመዱን ከጃኬቴ ሥር ወገቤ ላይ ዞር አድርጌ አሰርኩት፤ ማንም አላየኝም። ባሌ እየወደቀ እጄን ከፍቼ ገመድ የምለቅ ሴት አይደለሁም። እጄ ቢከዳኝ ወገቤ አይከዳኝም ብዬ ነው።

ሠራተኞቹ ያሾፉብን ነበር። «ዛሬም በግሽን ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል። «ብለቀው ከቀንዱ ትተርፋላችሁ?» እላቸዋለሁ። መሳቁን እስቅ ነበር። ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ፓምፑ ታጥቦ እስኪሄድ ድረስ እህል አልቀምስም።

እውነተኛው የደህንነት ቀበቶ አልነበረም እንዳትሉ። ዕቃ ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። መንጠቆው የሚያያዝበት ነገር ነው የጠፋው። አዲስ ሶሌታ ላይ ሲወጡ ከላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው፤ ሰማይ ላይ ደግሞ መንጠቆ አይሰካም። ፎርማኑ ከዓምድ ዓምድ የብረት ገመድ እንዘረጋለን እያለ ከርሟል። ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ሶሌታ ነው።

ነገሩ የደረሰ ዕለት የምንሠራው ቤት ሐኪም ጋራ በሚባለው ኮረብታ ተዳፋት ላይ ነበር። ከፊት ለፊት ሲያዩት ሁለት ፎቅ ነው። ከኋላ ግን መሬቱ ስለሚያመልጥ አራት ይሆናል፤ ታች ደግሞ ድንጋይና ቁልቋል ነው። የምንሞላው የመጨረሻውን፣ የጣሪያውን ሶሌታ ነበር። ፊት ለፊቱን የፓምፑ መኪና ስለያዘው መወጣጫው ከኋላ ተሠርቷል፤ ባህር ዛፍ ተጋድሞ፣ ሳንቃ ተረብርቦ፣ በየመሃሉ ማረፊያ ያለው። ሶሌታው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ወገብ ድረስ የሚመጣ አንድ ረጅም ባህር ዛፍ በአግድም ታስሯል። ለእኛ አጥራችን እሱ ነው። ስንወጣም ስንወርድም ከሥሩ ጎንበስ ብለን እናልፋለን።

ባሌ ያንን እንጨት ይወደው ነበር። ወደ ኋላ ሲሄድ ጀርባው እንጨቱን ሲነካ ይቆማል፤ ዞሮ ማየት አያስፈልገውም። የእኔን ገመድ ያምናል፤ ከገመዴ በፊት ግን ያንን እንጨት ያምናል።

ቤቱን የሚያሠራው ሰው አባት ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ዱዓ ሊያደርጉ መጡ። ዱዓውን ታች ሆነው ማድረግ ይችሉ ነበር፤ «የልጄን ቤት ጣሪያ ሳልረግጥ?» ብለው ከዘራቸውን ይዘው መወጣጫውን ተያያዙት። ማረፊያው ላይ እያረፉ፣ «ቢስሚላህ» እያሉ ወጡ። ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ ፎርማኑ እንጨቱን አየና ደነገጠ።

«ሐጂ እንዴት ያጎንብሱ! ነውር አይደለም እንዴ? አንሱት!»

ሁለት ልጆች ሮጠው ማሰሪያውን ፈቱት። አንድ ሰው የሚያልፍበት በር ብቻ መክፈት ፈልገው ነበር፤ ግን እንጨቱ አንድ ወጥ ነው። ሲነሳ የኋላው ጠርዝ ግማሹ ራቁቱን ቀረ። እዚያ ጋ ሶሌታው አለ፤ ከዚያ የለም፤ ከዚያ በኋላ ከሩቅ የሚታየው የጀጎል ግንብና ቆርቆሮ ነው። እግሬ ሥር ያለው ሳንቃ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

ሐጂ መሃል ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ቤቱን ባረኩ፣ ልጃቸውን ባረኩ፣ ወደኛ ዞረው «አላህ ከመውደቅ ይጠብቃችሁ» አሉ። የሙስሊሙ «አሚን»፣ የክርስቲያኑ «አሜን» አንድ ላይ ወጣ። እኔም ብያለሁ። ዓይኔ ግን ጠርዙ ላይ ነበር። ሊወርዱ ሲሉ አጠገቤ ቆም ብለው ገመዱን አዩ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባሌን የምይዝበት ነው፣ ሐጂ።»

«ማሻአላህ! ያዢው፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው» ብለውኝ መውረድ ጀመሩ።

መውጣት ያደክማል፤ ለሽማግሌ ግን መውረድ ይብሳል። ሐጂ አንድ እግር ያወርዳሉ፣ ከዘራውን ያስቀድማሉ፣ መወጣጫው ላይ የቆመውን ሠራተኛ ሁሉ ትከሻ እየነኩ ይመርቃሉ። ወደ ፎርማኑ ሄድኩ።

«እንጨቱ ይመለስ እንጂ!»

«ሐጂ ገና ሳይወርዱ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እግራቸው ሳይርቅ በር እንደመዝጋት እኮ ነው፣ እህቴ። ዞር ብለው ቢያዩ ምን ይሉናል?»

«እንግዲያው ፓምፑ ይቆይ።»

«ሰው ይቆያል፤ ኮንክሪት አይቆይም። ኮንክሪቱን የያዘው መኪና ፀሐይ ላይ እየተሽከረከረ ነው። ቧንቧው ውስጥ ቢደርቅ አንቺ ታወጪዋለሽ?»

ባሌ ሰምቶናል። «አቦ፣ አንቺ ደግሞ!» አለኝ። «ከመሃል ነው የምጀምረው። እዚያ እስክደርስ እንጨቱ ይመለሳል።» የሱሪ ቀበቶውን አጠበቀ፤ የገመዱን ጫፍ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ራሱ ከጀርባው አያያዘ። እኔም ጃኬቴን ወደ ታች ሳብ አድርጌ ወገቤን ሸፈንኩ። ፓምፑ ተነሳ።

ኮንክሪቱ መጣ። ጎማው ይዘላል፣ ባሌ በደረቱ ይጫነዋል፣ ያፈሳል፣ ወደ ኋላ ይራመዳል። እኔ አንድ ዓይኔ ተረከዙ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ከጠርዙ ባሻገር ነው። ከጠርዙ ባሻገር ዝቅ ብሎ የሐጂ ነጭ ኮፍያ ይታየኛል። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነው። ፎርማኑም ያንኑ ኮፍያ ነው የሚያየው። ውረዱ አይባሉም። ኮፍያው እንዲነሳ በሆዴ እመብርሃንን ለመንኩ። አልተነሳም። እንጨቱ ሶሌታው ዳር ተጋድሞ ይጠብቃል፤ ሁለቱ ልጆችም አጠገቡ ቆመው ይጠብቃሉ። ሁላችንም ሐጂ እስኪነሱ እየጠበቅን ነበር፤ ያልጠበቀው ባሌ ብቻ ነው። ወደ ኋላ እየሄደ ነው።

ወደ ጠርዙ ሲቃረብ ቁም አልኩት፤ ቆመ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ በልቤ። ያኔ ፓምፑ አሳለ። ኮንክሪቱ ወፍሮ የሆነ ቦታ ላይ ታፍኖ ነበር። ጎማው ዝም አለ። ጎማ ዝም ሲል ሰው ሁሉ ከአጠገቡ መራቅ እንዳለበት እናውቃለን፤ ውስጡ የታመቀው አየር ሲለቀቅ እንደ መድፍ ነው የሚተኩሰው። ባሌ ጎማውን ለቀቀና ሊርቅ ወደ ኋላ ተራመደ። እንዲህ ሲሆን ሁሌም እንጨቱ ድረስ ነው የሚያፈገፍገው፤ ጀርባው እስኪነካው።

ጎተትኩ። በዚያው ቅጽበት ጎማው ተኮሰ። ተወርውሮ ደረቱን ሲመታው አየሁ፤ ባሌ ወደ ኋላ ተገፋ። መላ ሰውነቴን ወደ ውስጥ ጣልኩ። ገመዱ ወገቤን ለሁለት ይቆርጠዋል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ፤ ክብደቱን ጠበቅኩ።

ክብደት አልመጣም። እርጥቡ ኮንክሪት ውስጥ በጀርባዬ ወደቅኩ። የገመዱ ጫፍ በአየር ላይ ተገርፎ መጣና ጉልበቴ ላይ አረፈ፤ ባዶውን። ቀና ስል ባሌ የቆመበት ቦታ ላይ ማንም የለም።

ፓምፑን ማን እንዳስጠፋው አላውቅም። ዝምታው ያስፈራኛል እስከ ዛሬ። በአራት እግሬ ወደ ጠርዙ ዳኽኩ፤ ጫፉ ጋ ደረስኩና ማየት አቃተኝ። ካላየሁ አልሞተም ብዬ ነው መሰለኝ። ፌሮውን ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከታች የሚመጣውን የሰው ዋይታ ጠበቅኩ።

«ያ ረቢ! ኑ! ኑ እንጂ፣ ይዤዋለሁ!» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

ዓይኔን ከፈትኩ። ባሌ ከሶሌታው አንድ ሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ማረፊያው ላይ፣ ሐጂ እግር ሥር ነበር። ግማሽ አካሉ ከሳንቃው ወጥቶ ወደ ቁልቋሉ ተንጠልጥሏል። ሐጂ እግሮቹ ላይ ቁጭ ብለውበታል፤ በሁለት እጃቸው የሸሚዙን ጀርባ ጨምድደው ይዘዋል። ከዘራቸው የለም። ከዘራው ወድቆ እስከ ታች ሄዷል።

ሰዎች ወረዱና ባሌን ወደ ውስጥ ሳቡት። የሐጂን ጣቶች ግን አንድ በአንድ ነው ያስለቀቋቸው፤ አልከፈት ብለው ነበር። ፎርማኑ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እንጨቱን ለእርስዎ ብለን ነው ያነሳነው፣ እስኪወርዱ ብለን ነው፣ እያለ ይለፈልፋል። ሐጂ ቀና ብለው አዩት።

«ለእኔ?» አሉ። «በቀን አምስት ጊዜ ግንባሬን መሬት የማስነካ ሰው ለአንድ እንጨት ማጎንበስ ያቅተኛል?»

ፎርማኑ ከዘራቸውን ሊፈልግ ወደ ታች ወረደ።

ባሌን የባለቤቱ መኪና ሐኪም ቤት ወሰደው። እኔ በባጃጅ ተከተልኩ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ታክሲው ሁሉ ተቆላልፎ ሲያቆመን ነው ወገቤ ላይ ያለው ገመድ ከባጃጁ በር ውጪ እየተጎተተ መምጣቱን ያየሁት። ስቤ አስገባሁት፤ ጭኔ ላይ ጠቀለልኩት፤ ጫፉ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ገመዱ አልተበጠሰም። ጫፉ ላይ ቀለበት ተሠርቷል፤ ቀለበቱ ላይ የተበጠሰ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። የሲሚንቶ ጆንያ አፍ የሚሰፋበት ክር ነው። ጠንከር አድርገው ሲስቡት የሚበጠስ።

ሹፌሩ ምን ሆንሽ አለኝ። ክሩን አሳየሁት። ገመዴ የባሌ ቀበቶ ላይ ታስሮ አያውቅም ማለት ነው። ያ ክር ጉተታዬን ያደርስለታል፤ ክብደቱን ግን ለአፍታም አይችልም። የሚያስፈራኝ የዚያ ቀን ብቻ አልሆነም። ያለፉት ሶሌታዎች ሁሉ፣ ይዤዋለሁ ብዬ የተረጋጋሁባቸው ጠርዞች ሁሉ፣ ባጃጁ ውስጥ አንድ ላይ መጡብኝ።

የትከሻው አጥንትና ጎድኖቹ ተሰብረው ነበር። ወደ ቤት ካመጣሁት በኋላ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት፣ ክሩን መዳፌ ላይ አድርጌ ፊቱ ዘረጋሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አየውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ክር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ገመዱን ወገብሽ ላይ ካሰርሽው ጀምሮ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ስትስቢኝ የሚመጣው የእጅ ጉተታ አልነበረም፤ መላ ሰውነትሽ ነው የሚመጣው። ከወደቅኩ ተከትለሽኝ ነው የምትመጪው። ልጆቹን ማን ያሳድጋቸው?»

«አንተ የወደቅክ እንደሆነስ?»

«አንቺ አለሻ» አለኝ፣ ቀላል ነገር የጠየቅኩት ይመስል።

ትከሻው ባይሰበር ኖሮ እመታው ነበር። በመድኃኔዓለም እመታው ነበር። አልቅሼ፣ ሰድቤው፣ ሾርባውን አጠጥቼው፣ እንደገና ሰደብኩት። በመጨረሻ ከፈለግሽ እንስማማ አለኝ፤ አንቺ ከወገብሽ ፍቺው፣ እኔም በደንብ አስረዋለሁ። እሺ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

በማግስቱ ክሩን ይዤ ፎርማኑ ዘንድ ሄድኩ። አልጮህኩም። የብረት ገመዱ ከዓምድ ዓምድ ሳይዘረጋ ባሌም እኔም ሶሌታ አንረግጥም አልኩት። «ለሚቀጥለው ሶሌታ» አላለኝም። ባሌ ድኖ እስኪመለስ ገመዱም፣ መንጠቆ መያዣውም ተዘጋጅቶ ጠበቀን። አጥር የሚሆነው እንጨትም ፓምፕ በሚሠራበት ቀን ለማንም አይነሳም፤ ዱዓ የሚያደርግ ሰው ከተፈለገ ፓምፑ ሳይመጣ በዋዜማው ይወጣል።

አሁን የምንሠራው ኤረር በር አካባቢ ነው። ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብል ዋሽቻለሁ። ጠዋት ጠዋት እህል ሳልቀምስ ነው የምወጣው። ባሌ የደህንነት ቀበቶውን ያጠልቃል፤ መንጠቆውን የብረት ገመዱ ላይ ያስገባል፤ እኔ ደግሞ በሙሉ ክብደቴ ተንጠልጥዬበት እፈትሸዋለሁ። የእኔ ገመድ አሁንም አለ፤ ለ«ቁም»ና ለ«ና» ብቻ። ጎማውን ከማቀፉ በፊት ባሌ ወደኔ ይመጣል። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ በዚህ ሁሉ የሚያይ ሰው መሃል፣ እጁን ከጃኬቴ ሥር አስገብቶ ወገቤን ዙሪያውን ይዳብሳል። መጀመሪያ ቀን ሠራተኞቹ አፏጩብን፤ ነገሩ ሲገባቸው ተዉት። ምንም እንዳላሰርኩ ካረጋገጠ በኋላ ነው እጁን አውጥቶ ፓምፑ እንዲነሳ ምልክት የሚሰጠው።